ሐይቅ ከተማ እየኖሩ ሐይቁን አለማየት



የተከበራችሁ የዚህ ዓምድ ተከታታዮች፣ በዚህ ወር የማነሳላችሁ ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል፣ እንዲያውም የቅንጦት ሊመስል ይችላል። ስለ ዕረፍት ነው። ከቤት ወጥቶ፣ ውሃ ዳር ወይም ዛፍ ሥር ተቀምጦ ልብን ስለ ማሳረፍ ነው። «ኑሮው እንዲህ ተወዶ፣ ሰዉ እንዲህ ተጨንቆ ምን ዓይነት ሽርሽር ነው የምታወራው?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አልፈርድበትም፤ እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንደዚያ ከሚሉት አንዱ ነበርኩ።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴንና ሐይቅን ባዳረሰ ጊዜ እኛም እንደ ብዙው ሰው ቤታችንን ዘግተን ተቀመጥን። ኅዳር ተገባዶ ያ ሁኔታ ካለፈ በኋላ የተሰበረው ተጠገነ፣ ሱቁም ትምህርት ቤቱም ቀስ በቀስ ተከፈተ። የባለቤቴ እንቅልፍ ግን አልተመለሰም። ነፋስ በር ሲያንኳኳ ትደነግጣለች። ሌሊት ከሱብሕ በፊት ሁለትና ሦስት ጊዜ ተነስታ በጨለማ ልጆቹን በእጇ እየዳሰሰች ትቆጥራለች። ቆጥራም አትተኛም። ቀን ደግሞ ወጡ እሳት ላይ እያለ ተቀምጣ ትቀራለች።

ቁርኣን አስቀራን፤ ዱዓም አስደረግን፤ ጤና ጣቢያም ሄድን። እዚያ ያገኘናት ባለሙያ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ጠየቀቻት። «እህቴ፣ ከቤት የምትወጪው መቼ መቼ ነው?» ባለቤቴ በጣቷ ቆጠረች። ለገበያ፣ ለወፍጮ፣ ለለቅሶ፣ በሽተኛ ለመጠየቅ፣ ልጆቹን መድረሳ ለማድረስ። «ለራስሽስ የምትወጪበት ቀን አለ?» ስትላት ዝም አለች። እኔ አጠገቧ ነበርኩና መልሱን በልቤ ፈለግሁላት። ከተጋባን ሰባት ዓመት አልፎናል፤ አንድ ቀን እንኳ አላገኘሁም።

ከቤታችን እስከ ሐይቁ ዳር በእግር አንድ ሰዓት አይሞላም። ባለቤቴ ከአምባሰል ገጠር ነው የመጣችው። ሐይቁን የምታውቀው ወደ ወላጆቿ ስትሄድና ስትመለስ በመኪና መስኮት ነው። እዚህ አገር ብዙ እናቶች እንደዚህ ናቸው። ሐይቅ ከተማ ወልደው አሳድገው፣ ከሰው አገር የመጣ እንግዳ ፎቶ የሚነሳበትን ውሃ ጠጋ ብለው ሳያዩ ያረጁ አሉ።

እኔስ? እኔማ በየሳምንቱ ሐይቁ ዳር ነበርኩ። ከጁሙዓ በኋላ ከጓደኞቼ ጋር እዚያው ዳር ባለ አንድ ክፍል እንሰበሰባለን። መስኮቱ ወደ ውሃው ነው፤ መጋረጃው ግን ወርዷል። በሩ ተገጥሟል፤ የዕጣኑና የሲጋራው ጭስ ጣሪያ ነክቷል። ጫታችንን ይዘን እስከ መግሪብ እንቀመጣለን። ስንወጣ ጨልሟል። ስንት ዓመት ሐይቁ ዳር ስውል ሐይቁን አላየሁትም! ይህንንም «ዕረፍት» እለው ነበር። ወጪውንም ከቤት ወጪ ላይ ነበር የማነሳው። በወሎ ጫትና ዱዓ ያላቸው የቆየ ዝምድና ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፤ ዑለሞችም የተለያዩበት ነውና ዛሬ አልገባበትም። እኔ የምለው ስለ ሰዓቱና ስለ ገንዘቡ ነው። የቤቱ አባወራ ዕረፍት በሳምንቱ ውስጥ የታወቀ ቀንና የታወቀ በጀት ሲኖረው፣ የእናትየዋ ዕረፍት ስምም ቀንም የለውም።

መድረሳ ስንማር የተማርነውን እናስታውስ። ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ.) አቡ ደርዳእን (ረ.ዐ.) ሊጠይቁ በሄዱ ጊዜ የወንድማቸውን ባለቤት ራሷን ጥላ አገኟት። ምክንያቱን ሲጠይቋት ባሏ ቀን በጾም፣ ሌሊት በሶላት ተጠምዶ ቤቱን እንደረሳ ነገረቻቸው። ሰልማንም አቡ ደርዳእን ጌታህ በአንተ ላይ ሐቅ እንዳለው ሁሉ ነፍስህም፣ ቤተሰብህም ሐቅ አላቸውና ለሁሉም ሐቁን ስጥ ብለው መከሩት። ነገሩ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲደርስ ሰልማን እውነቱን ነው አሉ። ቡኻሪ የዘገቡት ነው። ልብ በሉ፤ አቡ ደርዳእን ከቤቱ ሐቅ ያዘናጋው ዒባዳ ነበር። እኔን ያዘናጋኝ ምን እንደነበር ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ.) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከከተማ ወጣ ብለው ውሃ ወደሚወርድባቸው ቦታዎች ይሄዱ እንደነበር ተናግረዋል፤ አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ከእርሳቸው ጋር በመንገድ ላይ ሩጫ መወዳደራቸውን፣ አንድ ጊዜ ማሸነፋቸውን፣ ሌላ ጊዜ መሸነፋቸውን የነገሩንም እርሳቸው ናቸው። ከባለቤቱ ጋር ሜዳ ላይ መሮጥ ይቅርና አብሮ መንገድ መሄድ የሚያፍር ወንድም ይህን ሐዲስ ደጋግሞ ቢያነበው ጥሩ ነው።

እናም አንድ ቅዳሜ ከሱብሕ በኋላ ሄድን። ዝግጅቱ ብዙ አልነበረም። አንድ ሰሌን፣ ጀበናና ሲኒ፣ የተቆላ ቡና፣ ዳቦና ቆሎ፣ ለትንሿ ልጃችን ቅያሪ ልብስ። በጠዋት ሐይቁ ጸጥ ያለ ነው፤ ነፋሱ የሚነሳው ፀሐይ ከበረታ በኋላ ነው። ታንኳ የሚቀዝፍ አንድ ዓሣ አጥማጅ ከሩቅ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ የወፍ ድምፅ ነው። ዳር ላይ ውዱእ አድርገን የዱሓ ሶላት ሣሩ ላይ ሰገድን። ለዚህ ኡመት ምድር ሁሉ መስገጃ ተደርጋለታለች የሚለውን ሐዲስ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን ግንባሬ ጤዛ ሲነካው ነው።

ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረችም። ኋላ «ይኼ ሁሉ ውሃ እዚሁ ኖሯል እንዴ?» አለችኝ። ቡናው ሁለተኛ ላይ ሳይደርስ ሻሿን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ዛፉ ሥር ጋደም አለች። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ልጆቹ ሊቀሰቅሷት ሲመጡ «አብሽሩ፣ እማ ትንሽ ትረፍ» ብዬ ወደ ሣሩ ወሰድኳቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ ተኛች። ልጆቹን በየደቂቃው ስቆጥር የዋልኩት እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን በመውጣት ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልላችሁም። ሕክምናውን አላቋረጠችም፤ ለመተኛትም ወራት ፈጅቶባታል። ሐዘኑና ፍርሃቱ የበረታበት ሰው፣ ምግብ የከለከለው፣ መኖር ያስጠላው ሰው ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ ይህን «የኢማን ድክመት ነው» ብሎ ማሳፈር ግፍ ነው። ግን ከዚያ ወዲህ በወር ሁለት ጊዜ እንወጣለን። ሌሊት ከመነሳቷ የምትተኛበት እየበዛ ሄደ፤ አልሐምዱሊላህ።

በዓለማዊው ትምህርት በኩል ደግሞ አንድ ጥናት ልጥቀስላችሁ። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በፔንስልቬንያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች መዝገብ አገላበጠ። እኩሌቶቹ በመስኮታቸው ዛፍ የሚታያቸው ነበሩ፤ እኩሌቶቹ የጡብ ግድግዳ። ሕክምናው አንድ ዓይነት ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ዛፍ ይታያቸው የነበሩት ቶሎ ወደ ቤታቸው እንደተመለሱና ብርቱ የሕመም ማስታገሻ የፈለጉትም ባነሰ መጠን እንደሆነ አሳየ። ጥናቱ የተደረገው በ46 ሰዎች ላይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከሚገባው በላይ አንለጥጠው። እኔ ግን ሳነበው ያ የወረደ መጋረጃ ነው የታወሰኝ።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ጋሺያህ ግመልን፣ ሰማይን፣ ተራሮችንና ምድርን እንድንመለከት ያመላክተናል። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን መጨረሻም ቆመው፣ ተቀምጠውና ተጋድመው አላህን የሚያወሱትን፣ በሰማያትና በምድር አፈጣጠር የሚያስተነትኑትን ያወድሳል። ተጋድሞ ማስታወስም ተቆጥሯል! የደከመች እናት ዛፍ ሥር ጋደም ብላ ሱብሓነላህ ብትል ሥራ ፈታች አይባልም።

አሁን ስለ ቦታዎቹ ጥቂት ልንገራችሁ፤ ከሩቅ ያላችሁ አንባቢዎችም ስትመጡ ይጠቅማችኋል።

ሐይቅ ከደሴ በስተ ሰሜን፣ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ በተሁለደሬ ወረዳ ይገኛል። የውሃው ስፋት ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው፤ ስለዚህ ዋና የማይችል ልጅ ያለ ትልቅ ሰው ዳር እንዳይቆም። ሐይቁ በምድር ላይ የሚታይ መውጫ የለውም። ከእርሱ ከፍ ብሎ ከሚገኘው ከአርዲቦ ሐይቅ በአንቀርካ ወንዝ ውሃ ይቀበላል፤ የተቀበለውን ግን አሳልፎ ለወንዝ አይሰጥም። ልብስ የታጠበበት ሳሙና፣ የተጣለ ፌስታል፣ ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያ እዚያው ይቀራል ማለት ነው። ይህን ለተማሪዎቼ የማስረዳቸው በሣህን ነው፤ ከወንፊት ያፈሰስከው ይሄዳል፣ ከሣህን ግን ወዴት ይሄዳል?

የዓሣው ነገር ደግሞ ደስ ይላል። ዛሬ ሐይቁ ዳር ተጠብሶ የሚቀርብልን ቀረሶ የዚህ ውሃ ተወላጅ አይደለም፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከሌላ ቦታ አምጥተው የጨመሩት ነው። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ድንኳን እየተዳረ በሥጋ ብቻ ሁለት ድስት ይጥዳል። ዓሣ ግን ማረድ የማያሻው ነውና ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር አንድ ሣህን ላይ እጃችንን እንዘረጋለን። ባለፈው ጊዜ አብረውን የሄዱት ጎረቤታችን እትዬ፣ እሾሁን ለልጆቼ እየለቀሙ ሲያጎርሷቸው ነበር።

አማቴ ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የሚናገሩት ተረት አላቸው፤ የአካባቢው ሰውም በየመልኩ ያወራዋል። ቦታው ድሮ ደረቅ ምድር ነበር ይላሉ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት የንጉሥ ልጅ ተበደለች። የሚፈርድላት ስታጣ ወደ ፈጣሪ ጮኸች። በዙሪያዋ ያለው ምድር ሁሉ ውሃ ሆነ፤ እሷ የተቀመጠችበት ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀረ። ተረት ነው፤ ተረትነቱን አውቀን እንስማው። ነገር ግን የተበደለ ሰው ዱዓ በእርሱና በአላህ መካከል ግርዶ የለውም የሚለውን ለልጅ ለማስረዳት ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም። አማቴ ይህን ሲናገሩ ሁልጊዜ «ያችን ነፍሰ ጡር» ሳይሆን «ያችን ልጅ» ነው የሚሏት፤ የሚያውቋት ይመስላል።

ወደ ውሃው ገባ ብሎ የሚታየው ዛፍ የሸፈነው ቦታ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ በአገራችን ታሪክ ትልቅ ስም ያለው የትምህርት ቦታ ነው። ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴቶች አይገቡም። የጎረቤቶቻችን የጸሎት ቦታ ስለሆነ በአጠገቡ ስናልፍ ድምፃችንን ዝቅ እናድርግ። አንድ ነገር ግን ሳልታዘብ አላለፍኩም። በአካባቢያችን ያረጀ ዛፍ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በመስጊድ ግቢና በመቃብር ቦታ ነው። ሌላው ሜዳ ላይ የነበረውን ጥላ ቆርጠን ጨርሰን፣ ዛሬ ጥላ ፍለጋ ሰሌን ተሸክመን እንዞራለን።

ከሐይቅ በሱሉላ አልፎ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ወደ አምባሰል ይገባል። አምባሰልን ብዙ ሰው የሚያውቀው በዘፈን ቅኝት ስም ነው። ታሪክ የተማረ ደግሞ በወረዳው ባለችው ውጫሌ በ1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር በተፈረመው ውል ያስታውሰዋል። ስሙ ግን «አምባ» ከሚለው ከአማርኛውና «ዐሰል» ከሚለው ከዐረብኛው፣ ማር ማለት ነው፣ የተገጠመ ነው ይባላል፤ የማር አምባ። ይህን የሰማሁት መድረሳ ሱረቱ ነሕልን በምንቀራበት ዓመት ነበር። አላህ ንቢቱን በተራሮች፣ በዛፎችና ሰዎች በሚሠሩት ላይ ቤቷን እንድትሠራ ያሳወቃት መሆኑን ኡስታዛችን ሲያስረዱን በመስኮቱ ወደ ተራራው አመለከቱን። የአገሬ ስም ግማሹ ቁርኣኑ የወረደበት ቋንቋ መሆኑ ያን ጊዜ እንዴት እንዳኮራኝ!

አምባሰል የሚያሳርፈው እንደ ሐይቁ በጸጥታው አይደለም፤ በከፍታው ነው። ገደሉ ጫፍ አጠገብ ካለ ሜዳ ላይ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ሲመለከቱ አገሩ ደረጃ በደረጃ ወደ ቆላው ይወርዳል። የሚሌ ወንዝም ከእነዚህ የወሎ ተራሮች የሚወርደውን ውሃ ሰብስቦ ወደ አፋር ወርዶ ከአዋሽ ይገናኛል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ለሁለቱም ቦታ ይመረጣል፤ ምድሩ አረንጓዴ ነው፣ ጭቃውም ደርቋል። ሽማግሌና ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ ግን ተራራው ይቅርና ሐይቁ ዳር ይበቃችኋል።

ሳልነግራችሁ የማላልፈው ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ባለው ግጭት ምክንያት መንገድ አንድ ሳምንት ክፍት፣ አንድ ሳምንት ዝግ ሲሆን አይተናል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት በዚያው ቀን መንገዱን ከሄዱበት ሹፌሮችና ከአካባቢው ዘመድ ጠይቁ፤ ከዐስር በኋላ ሩቅ አትቆዩ። መንገዱ የማያስተማምን ከሆነ ሰፈራችሁ ያለ አንድ ዛፍ ሥርም ሰሌን ይዘረጋል። በጦርነቱ ጊዜ ከቤታቸው ተፈናቅለው አካባቢያችን የተጠለሉ እናቶች መጠለያው ጎን ባለ ግራር ሥር ቡና አፍልተው ሲጠሩን ያየሁትን አልረሳውም። ያ ቡና ከቤት ወጥቶ የመቀመጥን ጥቅም ከእኔ በተሻለ እንደሚያውቁት ያሳያል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች ውሃ በሚቀዱበት፣ በሚያልፉበት መንገድና በሚያርፉበት ጥላ ሥር መጸዳዳትን እርግማን የሚያመጣ ሥራ ብለው አስጠንቅቀዋል። ከሺሕ አራት መቶ ዓመት በፊት የተነገረ ነው፤ ሐይቁ ዳር ለሚሄድ ሰው ግን ዛሬ ጠዋት የተነገረ ይመስላል። ፌስታላችሁን፣ የውሃ ፕላስቲካችሁን፣ የልጅ ዳይፐራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ለባለቤቴ አነበብኩላት። «ስለ ሐዲሱና ስለ ታሪኩ ብዙ ብለሃል፤ ስለ ሴቶቹ ግን ዋናውን ነገር ትተሃል» አለችኝና ሦስት ነገር አስጻፈችኝ። አንደኛ፣ ሐይቁ ዳር ለሴት የሚሆን መጸዳጃ እንደልብ አይገኝም፤ ስለዚህ የሚታወቅ ቤት ወይም ምግብ ቤት አጠገብ ያለውን ዳር ምረጡ። ሁለተኛ፣ ለብቻ ከመሄድ ሁለትና ሦስት ጎረቤት ቤተሰብ ሆኖ መሄድ ይሻላል፤ ሴቶቹ ከሴቶቹ ጋር ዘና ብለው ይጫወታሉ፣ ልጆቹንም ብዙ ዓይን ይጠብቃቸዋል። ሦስተኛውን የተናገረችው እየሳቀች ነው። ቡናውን ማፍላት፣ ሲኒውን ማጠብና ልጆቹን ማባረር እዚያም የሚጠብቃት ከሆነ ቤቷ ብትቀር ይሻላታል።

አርዲቦን ገና አላየችውም። ከሐይቁ የበለጠ ጭር ያለ ነው ብለው ነግረዋት እዚያ ካልወሰድከኝ ብላኛለች። መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ኢንሻአላህ፣ በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ከጎረቤቶቻችን ጋር እንወጣለን። ጀበናውን የምሸከመው እኔ ነኝ፤ ሲኒውንም።